ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ

ሆኪቲካ ዝናብ ነው፤ የፖስታ ካፖርቷን ናይሪ በሩ ላይ ሰቀለች፤
"ለተራራ የሚቀል፣ ለኪሴ የማይከብድ ጠመንጃ አለህ?" አለች።

ሽማግሌው ፔንሮዝ መነጽሩን ጠርጎ ሦስቱን አጋደመ፤
የመጀመሪያው በአንድ ጣቷ ተነሣ፣ እንደ ላባ ቆመ።
ዋጋውን ስታነብ ግን ክንዷ ዛለባት፤
የስድስት ወር ደሞዝ ነው ያነሣችው፣ ከበዳት።

ሁለተኛው ሰደፉ ዋልነት፣ እንደ ፈረስ ገላ የሚያበራ፤
ዳበሰችው፣ አለፈችው። የአባቷም እንዲሁ ነበር፤ አምና ያንን ተሸክማ ተራራ ለተራራ
ጉልበቷ የከዳት።

ሦስተኛው ያገለገለ፤ ሰደፉ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ድመት የቧጨረው የመሰለ፣
መልክ የነሡት።
"ይኼስ?"
ፔንሮዝ የዓሣ ሚዛኑን አምጥቶ በማንገቻው አንጠለጠለ፤
"ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ" አለ።
"ግን ስሚ፣ ቀላል ነገር ይራገጣል፤
የተኮስሽ ቀን ትከሻሽ ይነግርሻል።"
"ወሩን ሙሉ ተሸክሜ አንዴ ነው የምተኩሰው፤
ርግጫ አይደለም፣ ሸክም ነው ሰውን የሚጨርሰው።"
ከፈለች። የተረፋት ለጫማ ሶል በቃ።

ግንቦት ላይ፣ በዚያ አገር በረዶ ሲጀምር፣
ታህር የሚሉት ባለጋማ የዱር ፍየል ቆሞ አየች ከገደሉ ድንበር።
አነጣጠረች። ትንፋሿን ያዘች።
ቢወድቅ የሚወድቀው ወዴት እንደሆነ አየች።
ጥይቷን አውጥታ ኪሷ ከተተች፣
ወረደች።

"ረገጠሽ?" አላት ፔንሮዝ፣ ቅዳሜ ሱቁን ሲከፍት።
"ገና አልተጣላንም። ጠመንጃው ይቅለል እንጂ እኔ ልቅለል እንዴ፣
ገደል ለሚበላው ሥጋ ልተኩስበት?"