የደንቆሮ ጆሮ

ማን ይሆን ስም አውጪው፣ «ደንቆሮ» ያለው ጫካ፣
የላስቲክ ኮሽታ ሰምቶ እሚነቃ ለካ!

ከመካነ ሰላም ማልደን ተነሳን፣
እኔና ሰዋለም፣ ሙሄ እየመራን።
በየጀርባችን ላይ ቤታችን ታዝሏል፣
ድንኳኑ፣ ምንጣፉ፣ ድስቱ ተጠቅልሏል፤
በሶው በከረጢት፣ ዳቦ ቆሎው በጨርቅ፣
ትንሽ ቋንጣ ደግሞ፣ ሽታው የማይደበቅ።
አስታው ሽበቱን ጥሎ፣ ጅብራው ቆሞ ሲያየን፣
ጉም እየሸፈነን፣ ጉም እየገለጠን፣
ጭላዳው ለመኝታ ወደ ገደሉ ሲወርድ አይተን፣
ከአንድ ኮሶ አጠገብ ሸክማችንን ጣልን።

ሙሄ እንዲህ አለን፣ ጫማውን ሳይፈታ፦
«ከራት በፊት ምክር፣ ስሙኝ ላንድ አፍታ።
ምግብና እንቅልፍ ባንድ ቤት አይደሩ፤
ጅብ ለራት ሲመጣ አይገባም በበሩ።
መቶ እርምጃ ቁጠሩ፣ ነፋስ ወዲያ ይሁን፣
ከቅርንጫፍ ስቀሉት፣ ከፍ አርጉት ስንቁን።
ሳሙናው፣ ቅባቱም ከስንቁ ጋር ይውጣ፤
ጅብ ምን ለይቶ ያውቃል፣ ውበትና ቋንጣ?»

ይህን ብሎን ሙሄ፣ ናይሎን ገመድ ትቶ፣
ውሃ ሊቀዳ ወርዷል፣ ጀሪካን አንግቶ።
እኔ ግን አዋቂ፣ የደሴ ልጅ ነኛ!
አማረኝ የሙሄ የጠፍር መጫኛ፤
በቅቤ ታሽቶ ታሽቶ፣ ወይቦ፣ ተገርቶ፣
ከድንጋይ ላይ ተኝቷል፣ እንደ እባብ ሙቀት ሽቶ።
«ናይሎን ያንሸራትታል፣ እጅም ይልጣል» ብዬ፣
ወረወርኩት ጠፍሩን፤ በሦስተኛው ሙከራዬ
ቅርንጫፉን ዞረ። ጎተትኩ፣ ሻንጣው ወጣ፣
ሁለት ሰው ቁመት ላይ ሌላ ጨረቃ መጣ።
ጫፉን ከግንዱ ሥር ሦስቴ ቋጠርኩና፣
«ይሞክራታ!» ብዬ ተኛሁ እንደ ጀግና።

እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ነገር ተሰማ፤
ማኘክ ነው፣ መሳብ ነው፣ በዚያ በጨለማ፤
ችኮላ የሌለው፣ ጥርሱን የሚያምን ሰው፣
በርጫ ላይ ተቀምጦ ቅጠል እንደሚያኝከው።
ከዚያ አንድ ዱብታ። ከዚያ ዝም፣ ጭጭ።
ከዚያ የድስት ክዳን ከድንጋይ ሲፋጭ።
ባትሪ አብርቼ ወጣሁ፣ ጮህኩኝ፣ ተሳደብኩ፤
ጅብ ከሄደ የጮኸው ያ ውሻ እኔ ነበርኩ።

ሲነጋ አየነው፤ በሣሩ ላይ በሙሉ
በሶው ከውርጩ ጋር ተቀላቅሏል ሁሉ።
ሻንጣው ተዘርግፏል፣ አንድ ጫማ የለም፣
ቅባቷ ተልሷል፣ አዘነች ሰዋለም።
መጫኛው ተበልቷል፣ ከነቋጠሮዬ፤
ስንቅን በስንቅ ማሰር፣ ይኸው ነው ሙያዬ!
በሶ የረገጠ ዱካ ነው በየሣሩ፣
ቁልቁል የሚወርድ ነው፣ ወደ ሰው መንደሩ።

ሙሄ አልሳቀም።
የጠፍሩን ልክፈል አልኩት፤ እጁን አወናጨፈ፣
«በሬው ጥሩ በሬ ነበር» አለና አለፈ።
በርከክ ብሎ ከመሬት ፍርፋሪ ለቀመ፣
ቁራው ከአስታው ጫፍ ላይ ተራውን እየጠበቀ ቆመ።

«ጅቡ ምን አጠፋ? አስተማሪው እኛ።
ነገ ትሄዳላችሁ፣ እናንተ መንገደኛ፤
እሱ ግን ይመጣል፣ ‹ሰው ማለት ራት› ብሎ፣
ከጦይባ ግቢ፣ ለአህያዋ፣ አጥር ዘሎ።
ከዚያ መርዝ ይቀመጣል፣ ጦር ይዞ ሰው ይወጣል፤
ያንድ ሌሊት በሶ ስንት ነፍስ ያወጣል?»

ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፣ ይባል ነበር፤
የተዘረጋ ምንጣፌን አየሁት፣
እኔን በማያውቀኝ አገር።

ቀኑን ሙሉ ሄድን፣ በሙሄ ኪስ ቆሎ፣
እፍኝ እየቆጠረ፣ ለሦስት ከፍሎ።
ማታ ሰፈርን ደግሞ። የቀረው ምን ነበር?
ጭብጥ ዳቦ ቆሎ፣ የተረፈ ስኳር።
እሱኑ ሰቀልነው፣ በናይሎኑ ገመድ፣
ጫፉም ከፍ ብሎ ታሰረ ከሌላ ግንድ።
ሰዋለም ጠየቀች፦ «ይቺን ማን ይፈልጋል?»
ሙሄ፦ «ዝም በይ» አላት፣ «ደንቆሮ ይሰማል።»