የግራው ኪስ

በመጀመሪያው ሐሙስ አንድ ማንኪያ አወጣሁ፤
እጀታው የጎበጠ፣ እሱን ብቻ ሰጠሁ።
የልብስ ሱቋ ራይሊ መነጽሯን አውልቃ
አየችው ማንኪያውን፣ አየችኝ ጠብቃ።
«ይኸው ብቻ?» አለች። «ለዛሬ ይበቃል።
ቤት በአንድ ቀን አልሞላ፣ በአንድ ቀን መች ያልቃል?»

ቱርኩ ላይ በኅዳር ጀምበር በዘጠኝ ሰዓት ትገባለች፤
እንደ ቸኮለች እንግዳ፣ ወንበር ሳትይዝ ደህና ሁኑ ትላለች።
ወንዙ ከዳር ከዳሩ መርጋት ሲጀምር
ቁልቁለቱን እወርዳለሁ፣ ከረጢቴን ይዤ፣ በዳር በዳር።

ልጄ ኦስሞ ከሰሜን ደውሎ ይቆጣል፦
«መኪና ልላክ እማዬ፤ ሁሉም በአንድ ቅዳሜ ይወጣል።»
እሱ አንድ ቅዳሜ ያለው ለእኔ ሰው ነው፦
ታውኖ፤ ሬዲዮ ጠጋኙ፤ ባሌ የነበረው።

ሁለተኛው ሐሙስ፦ ስድስት የወይን ብርጭቆ።
(አምስት ናቸው። ስድስተኛውን ታውኖ በሠርጋችን ሳምንት ሰብሮት
እስኪሞት ድረስ «ድመቷ ናት» ይል ነበር።
ድመት ኖሮን አያውቅም።)
ከዚያ የብስክሌት መንፊያ። ከዚያ የፈረንሳይኛ መማሪያ፣
እስከ ገጽ አሥራ ሁለት መልስ የተጻፈበት፤
አሥራ ሦስት ላይ ኦስሞ ተወልዶ የቆመበት።

አንዳንዱ ዕቃ እንደ አሮጌ ውሻ እስከ በር ይከተላል፤
ስታስወጪው ዓይን ዓይንሽን ያያል።
አንዳንዱ እንደ ባለዕዳ ሹልክ ብሎ ይጠፋል፤
የት ተሰቅሎ እንደነበር ግድግዳው ራሱ ይረሳል።

በገና ማግስት ቁልፎቹን ወሰድኩ፣ አንድ መሳቢያ ሙሉ።
«ቁልፍ አንቀበልም» አለች ራይሊ። «በሮቹስ?»
በሮቹማ...
የሸጥነው ጀልባ። የእናቱ ምድር ቤት። አንድ ሻንጣ፣
በባቡር የረሳነው፣ ምን እንደነበረበት እስከ ዛሬ የምንጣላበት።
የምንጣላበት አልኩ? የተጣላንበት።
ሃያ ሰባት ቁልፍ ይዤ ዳገቱን ተመለስኩ።

ኮቱን ግን በየሐሙሱ አልፌዋለሁ፤
ከሥሩ ጎንበስ ብዬ፣ ሹራብ እየመረጥኩ፣
አበዳሪዋን መንገድ ላይ እንዳየች ሴት።
ግራጫ ሱፍ ነው። ክርኑ ሳስቷል።
የግራ ኪሱ ቀዳዳ ነው፤
ሠላሳ ዓመት «ነገ እሰፋዋለሁ» ያልኩት።
ሳንቲሙ ከገበሩ ውስጥ ወርዶ፣ ታውኖ ደረጃ ሲወጣ ይንሿሿ ነበር፤
ሁለተኛው ፎቅ ሳይደርስ ሾርባውን አሞቅ ነበር።

በየካቲት ሰጠሁት።
በከረጢት አይደለም፤ በክንዴ አቅፌ።
ራይሊ ያን ቀን ምንም አልጠየቀችኝም።
ዋጋውን የለጠፈችው ጀርባዬን እስክሰጥ ጠብቃ ነው።

መጋቢት፣ የአውቶቡስ ማቆሚያ።
በረዶው ጠቁሮ መንገድ ዳር እንደ ተጣለ ፍራሽ ተከምሯል።
ኮቱ ቆሟል።
ውስጡ አንድ ወጣት አለ፤ ረጅም፣ እጅጌው ያጠረው፣
አንገቱን ቀብሮ ትኩስ ዳቦ የሚገምጥ።

ልነግረው የምችለው ብዙ ነበር።
ያ ሱፍ ስንት ክረምት እንዳየ፣ አንገትጌው ላይ ስንት የሬዲዮ አቧራ
እንዳራገፍኩ፣ ማን እንደነበረ።
ከአፌ የወጣው ግን፦
«የግራው ኪስ ቀዳዳ ነው። ሳንቲም እንዳታስቀምጥበት።»

አየኝ። ዳቦውን በጥርሱ ያዘና ኪሱን ገለበጠልኝ፦
ቀይ ክር፤ ጠማማ፤ አንዱ ስፌት ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ።
«ሰፍቼዋለሁ» አለ። «ገበሩ ውስጥ ሦስት ማርካ አገኘሁ፤
የድሮ ገንዘብ። የእርስዎ ነው?»
«አይ» አልኩት። «ከኮቱ ጋር ነው።»

አውቶቡሱ መጣ። ሊሳፈር ሮጠ።
ጆሮዬን ጣልኩ።
አልተንሿሿም።

ቤት ገብቼ የመርፌ ሣጥኔን ከአልጋ ሥር ሳብኩ፤
ቀይ ክር አለበት፣ ጫፉ ያልተነካ።
በሩ አጠገብ አኖርኩት።
ሐሙስ ገና ነው፤
ዛሬ ማክሰኞ ነው።