የፀሐይ ውሃ

እሳት አልለኩስም፤
ድሬ ነው አገሩ፣ ከሰል አልጨርስም።
ያቺን ሰማያዊ ሳፋ፣ ጠርዟ የተሰነጠቀውን፣
በሦስት ቀን አንዴ ከሚመጣው ውሃ አንድ ጀሪካን ገልብጬባት
ጠዋት ለፀሐይ አደራ እሰጣታለሁ፤
ስምንት ሰዓት ላይ ክርኔን ነክሬ እጠይቃታለሁ፦
«ደረሰ?»
ጣት ይዋሻል። ጣቴ የጋራዥ ጣት ነው፣ ትኩስ አያውቅም፤
ክርን ግን እንደ ሕፃን ገላ ነው፣ እውነት አይደብቅም።

ኢፍቱ ሁለት ዓመት ተኩሏ ነው።
እስከ ባለፈው ግንቦት
የሳፋ ድምፅ ከሰማች አልጋ ሥር ነበር ቤቷ፤
ጎትቼ ሳወጣት እንደ ድመት ጥፍሯ፣ እንደ ባቡር ጩኸቷ።
እኔም እቸኩል ነበር፤
ጆጉ በአናቷ፣ ሳሙናው በዓይኗ፣
እሷ «በቃ! በቃ!»፣ እኔ «አለቀ! አለቀ!»፣ ያላለቀ ነገር።
ግቢው በየበሩ ብቅ ይላል፦
«አቦ! ልጅቷን እያረድካት ነው እንዴ?»

ለምን እንደምቸኩል ግን የጠየቀኝ የለም።
የደቻቱ ዳር ልጅ ነኝ።
በሐረር በኩል ተራራው ሲጠቁር፣ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ፣
ደረቁ አሸዋ በሌሊት ወንዝ ሆኖ ሲመጣ አይቻለሁ።
አባቴ ጣራ ላይ በአንድ እጁ ይዞኝ አደረ፤
ሌላው እጁ ምን እንደለቀቀ
እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።
ውሃ ሲፈስ ከሰማሁ እጄ ይፈጥናል፣ እንዲያው ነው።

ጎረቤቴ ሆደን፣ አራት ያሳደገች፣
ልብስ እያሰጣች፣ ዞር እንኳ ሳትል፣
«አንተ መጀመሪያ ታጠብ» አለች፤
«ጣሳውን ለሷ ስጣት።»

ተቀመጥኩ። ሳፋው አጠገብ፣ አፈር ላይ፣ ይሄን የሚያክል ሰው።
ከአልጋ ሥር አንድ ዓይን። ቆይቶ ሁለት።
መጣች። መላጣዬ ላይ ጠብ አደረገች እንደ ዘይት።
«አባ! ዓይን ጨፍን!» በኔው ድምፅ፣ በኔው ቁጣ፤
«አለቀ! አለቀ!» ገና ሳትጀምር።
ራሴን አየሁት፣ እዚያ፣ ከትንሿ እጇ ሥር።
ከዚያ አፈሰሰች፣
ቀስ ብላ፣
ውሃ ጊዜ እንዳለው ሁሉ።

ዛሬ ከእግር ነው የምንጀምር፣ ራስ መጨረሻ።
አምስቱ ጣቶቿ ባጃጅ ተሳፍረዋል፤
አውራው ከዚራ ወራጅ፣ ቀጥሎ ያለው መጋላ፣
መሃለኛው ተኝቶ ለገሃሬን አለፋት ወደ ኋላ፤
አራተኛው «መልሴስ?» ብሎ ይጨቃጨቃል፤
ትንሿ ሳንቲም የላትም፣ ሹፌሩ ግን ያውቃል፣
በነፃ ያደርሳታል።
የሃይላንድ ክዳን በሚስማር በስቼ ዝናብ ሠራሁላት፤
መዳፌን እንደ ቆብ ጠርዝ ግንባሯ ላይ ደፋሁላት፤
ቀና ብላ ሰማይ ታያለች፤ አንዲት ደመና የለም፣
ይዘንባል።

ትናንት እናቷ ዘምዘም (ስሟም ራሱ ውሃ ነው)
ከታይዋን ስትመለስ፣
ኢፍቱ ትጮኻለች ግቢው እስኪናወጥ።
በየበሩ ራስ ብቅ፦ «አቦ፣ ደሞ ምን አረግካት?»
ምንም።
ውሃው ቀዘቀዘ፣ ጣቷ እንደ ዘቢብ ተጨማደደ፣
«ውጪ» አልኳት፤
በዚህ ነው።

በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኳት፣ በሁለት እጄ።
ውሃውን አልደፋነውም፤ ድሬ ላይ ውሃ አይደፋም፤
ለፓፓያዋ ሰጠናት። ሳሙናውን ችላ
ጠጣችው፣ ቀስ ብላ።
«ቻው፣ ውሃ» አለች ኢፍቱ፣ በእንባዋ መሃል።
እኔም ማንም እንዳይሰማኝ ጎንበስ ብዬ
«ቻው» አልኩት።