ሁለት ግንባር

ባቲ፣ በሰኞ ገበያ፣ ግመሉ አፍንጫዬን ይዞት ሄደ፤
በሁለት መቶ ብር ስንጣላ ነበር፤ ገዢውም ቀብዱን ካደ።

ደሴ ላይ ዶክተር ዘርፌ፣ በሰማያዊ ቀለም
ግንባሬ ላይ አፍንጫ ሣለች፤ «ከሩቅ ቆዳ አንለምንም፣
የሚያበድር ጎረቤት ነው» አለች።
በሦስት በኩል ቆርጣ አወረደችው፤ ሥሩን ከቅንድቤ አልለየች፣
«ጡት አልጣለም፣ ደም ይጥባ» እያለች።

ሦስት ሳምንት ፊቴ ላይ እንደ ቅል ተንጠልጥሎ!
ልጄ ኑርዬ ሸሸኝ፣ «የኔን አባት አምጡ» ብሎ።
በሃያ ሁለተኛው ቀን ጡት አስጣለችው።

አሁን ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ
እጄ ተሳስቶ ግንባሬን ይመታል፤
ቆዳ የመጣበትን ቀዬ መች ይረሳል።

ትላንት መግሪብ ሰገድኩ፤
ግንባሬ መሬት ነካ፤
ከሱ ዝቅ ብሎ፣ ደግሞ፣
ግንባሬ።