የታሰረው ቀን

ባራትፑር፣ በጥር ወር፣ ጉም ሳይገለጥ ገና፣
በሰናፍጩ መሐል ጎንበስ ብዬ ቀና፣
ዛሬ ለፈነዳው ለእያንዳንዱ አበባ
ቀይ ክር አስራለሁ፣ ቀኑ እንዳይዛባ።
ትናንት ሰማያዊ፣ ከትናንት ወዲያ ነጭ፤
ልጆች ይስቃሉ፦ «ራምካሊ ልትድር ነው አሉ ሰናፍጭ!»

ይሳቁ። እኔ ግን ቀን ነው የምቆጥረው።
በዐሥረኛው ቀን ላይ ፍሬው ውሃ ነው፣
አረንጓዴ ጠብታ፣ ጥፍር የሚያፈርጠው፤
ስኳር ነው ሲሳዩ፣ ቅጠል የሚሰጠው።

በሃያኛው ግን አንድ ትእዛዝ ይወጣል።
ከየት እንደ መጣ ጆሮ የት ያውቀዋል?
አንዱ ዘረመል ሌላውን ይቀሰቅሳል፣
የተቀሰቀሰው ሌላ መቶ ይጠራል፦
ስኳሩን ሰባብሩት፣ ልቀሙት ካርቦኑን፣
ሁለት ሁለት አርጋችሁ ቀጥሉት ሰንሰለቱን፤
ዐሥራ ስድስት ሲሞላ፣ ዐሥራ ስምንት ሲደርስ፣
ሦስቱን ባንድ እሰሩ፣
በፕሮቲን ቆዳ ሸፍኑት፣ ጠብታው እንዳይፈስ።

ይህን ማንም አላለም። ቃል የለም እዚያ ቤት፤
ጩኸቱ የኔ ነው፣ የነሱ ሥራ በዝምታ መግባባት።

ዐሥራ ሰባተኛው መደብ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነበረ፤
ክሩ ሠላሳ ቀን ሞላው፣ ፍሬው ሳይሞላ ቀረ፣
ቆዳው እንደ ዘቢብ ተኮማተረ።
በማይክሮስኮፕ ብገባ፣ የዘይቱ ጎተራ ኦና፤
ስኳሩ ደጅ ቆሟል፣ ስሙን የሚጠራው ታጣና።
አንዲት ዘረመል ነበረች እኛ ያጠፋናት፤
ስሟም ከዚሁ ወጣ፣ «የተጨማደደች» አሏት።
በጉድለቷ ጠሯት እንጂ በሙላቷ ማን ዐወቃት?
ደህና ስትሠራ ከርማ፣ ያኔ ማን ስም አወጣላት?

አጎቴ ሺቭቻራን ዘይት ጨማቂ ነው።
ማታ አንድ እፍኝ ይዤ ሄጄ አሳየሁት።
መነጽር አልጠየቀ፣ ሚዛንም አልፈለገ፤
በአውራ ጣቱ አሸና ምላሱ ላይ አደረገ።
እኔ ማሽኑ ፊት ሦስት ሳምንት የተገተርኩለትን
እሱ ባንድ ምራቅ አገኘው።
«ጣፈጠኝ» አለና መልሶ ተፋው፤
«ዘይት መሆን ያቃተው ስኳር ነው ይሄ።
ማነው የከለከለው?»

«እኔ» አልኩት። «ለማወቅ።»

ዝም አለ። የጨመቀበትን እጁን በጨርቅ ጠረገ፣
ጨርቁ ከእጁ ይልቅ ዘይት ነበረ።
«ስልሳ ዓመት» አለ፣ «ስጨምቅ፣ ወርዶልኝ ስሸጥ፣
ማን እንዳዘዘው አልጠየቅኩም።»
ሌላ አልጨመረም። እኔም አላስረዳሁም።

መጭመቂያውን የሚያዞረው በሬ ላሰው የቀረውን፤
አቃጠለው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ መልሶ ላሰ መዳፌን፣
አንጓዬ ላይ የረሳሁትን ክሬን።