ባለ ሁለት ቀለሙ በር

ሄርማታ ውስጥ፣ ከሰዓት ሠሪውና ከቆርቆሮ ሻጩ መሀል፣
አባቴ ሸምሱ ሬድዮ ይፈታል።
ጆሮው ስል ነው፤ ዓይኑ ግን ከልጅነት ጀምሮ
ቀይና አረንጓዴን በአንድ ገመድ አስሮ
አንድ ስም ሰጥቶ አኑሯቸዋል፤
«ያ ደብዛዛው» ይላቸዋል።

በሰባት ዓመቴ ነው ሥራ የጀመርኩት፣
ከጉልበቱ ሥር ቁጭ ብዬ ቀለበት የቆጠርኩት፤
የሩዝ ፍሬ የምታህል ሬዚስተር
ወገቧ ላይ የታጠቀችውን ስስ መስመር፦
«ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካን።»
«አሥር ኪሎ ኦም። ጎበዝ፣ ነጅሚ።»
አንድ ቀን አኩርፌ ቀዩን አረንጓዴ አልኩት።
ቴፑ ጨሰ። ባለቤቱ ጮኸ። አባቴ ምንም አላለኝ።
ያ ዝምታ ነው በኋላ ቤተ ሙከራ ያስገባኝ።

ቂጦ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ዝናብ መስኮቱን ይጠልዛል፤
መብራት ይሄዳል፣ ጀነሬተር ያስላል።
በብልቃጥ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉኝ፣
አንድ ፀጉር ለአሥር ሺህ ቢሰነጠቅ
ከስንጣሪው የሚያንሱ።
ዘራቸው አንድ ነው፣ አፈራቸው አንድ፤
መጠን ብቻ ነው የለያቸው።
ትንሿ ሰማያዊውን ጠጥታ ትጠግባለች፤
ትልቋ ግን የቀረበላትን ሁሉ ትጨልጣለች፣
ቀዩንም ሳይቀር።
ስለዚህ አንዷን ብቻ አላምናትም።
ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ከትልቋ ቃል የትንሿን እቀንሳለሁ፤
የተረፈው ነው ቀለሙ።
ሁለት ክረምት ፈጀብኝ።
የመጀመሪያው መሣሪያ ያየውን ሁሉ ሰማያዊ አለ፤
ሁለተኛው በጅማ እርጥበት ታሞ ሞተ።

ሦስተኛውን በሳሙና ማስቀመጫ ከትቼ ወሰድኩለት።
«ምንድን ነው?»
ዓይን ልለው ነበር፤ ዋጥኩት።
«ብርሃንን በሞገዱ ርዝመት የሚለይ» አልኩት።
መበየጃውን አስቀመጠ።
«ሞገድ?»

ቃሉ የሱ ነበር።
ሌሊት ሌሊት፣ አጭር ሞገድ ላይ፣
በሃያ አምስትና በሠላሳ አንድ ሜትር መሀል
ቁልፏን በእስትንፋስ ያህል እያዞረ
ከአረብኛው ዜና የሱዳኑን ዘፈን፣
ከዘፈኑ ፉጨቱን ነጥሎ የሚያወጣ ሰው ነው።
«በስንት ሜትር?» አለኝ።
«ሜትሩን ለሺህ ክፈለው፤ አንዱን ቁራሽ እንደገና ለሺህ፤
የሱንም ቁራሽ ለሺህ። በዚያ ስፍር
ቀይ ስድስት መቶ አርባ ገደማ ነው።»
«አረንጓዴስ?»
«አምስት መቶ ሠላሳ።»
መነጽሩን አወለቀ። ጠረገ። መልሶ አደረገ።
«ሁለት ጣቢያ ናቸዋ!» አለ።
«እኔ ዘንድ ተደራርበው የሚያወሩ።»

ከዚያ ያገኘውን ሁሉ ይለካ ጀመር፦
ቲማቲም፣ የቆርቆሮ ሻጩን ሹራብ፣ የብር ኖት፣
የኔን ሻርፕ፣ የራሱን መዳፍ።
ልጅ ሆነብኝ፤ ሳቅሁ።
በሩን እስኪያይ ድረስ ሳቅሁ።

በሩ።
ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት በገዛ እጁ የቀባው፤
አንዱ ጣሳ ሲያልቅ ሌላውን ከፍቶ፣
ከወገብ በላይ አረንጓዴ፣ ከወገብ በታች ቀይ።
የባጃጅ ሾፌር ሁሉ «ሁለት ቀለም ጋ ወራጅ!» የሚልበት፣
እንግዳ ቆሞ ሲጠይቀው ግን እሱ
«ባለ ሁለት ቀለሙ በር? የሰዓት ሠሪው ይሆናላ» ብሎ
ወደ ጎረቤት የሚልክበት።
እናቴ ሳትነግረው ሞተች። ሰፈሩ ዝም አለ።
እኔም፣ ቀለም ነጋሪው፣
ተከፍሎኝ የማየው ልጅ፣ ዝም አልኩ።

ሳጥኑን ላይኛው ሳንቃ ላይ ለጠፈው።
አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት።
ጣቢያ እንደሚፈልግ ሰው ቀስ እያለ ወደ ታች፤
አምስት መቶ ሠላሳ አንድ፣
አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት፣
ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት።
ወደ ላይ መለሰው። ደግሞ ወደ ታች።
ከልማዱ የተነሳ ሳጥኑን ጆሮው ላይ አስጠጋ፤
ምንም አያወራም።

ካፊያ ጀመረ። ፊቱን ወደኔ አላዞረም።
«ነጅሚ» አለ፣
«እስቲ ሰዓት ሠሪውን ጥሪልኝ፤
ለመሆኑ ስንት ሰው ልኬበታለሁ?»