የኋላ ኋላ

መጀመሪያ ትንሽ ነገር ነው።
ሁለተኛን ለቃ ሦስተኛ ስትገባ
ትከሻዋን ነቅነቅ፣
እንደ ተናነቃት እንባ።
"መንገዱ ነው" አልኩኝ። "ብርዱ ነው" አለ ዩርኪ።
ሬዲዮውን ከፍ አደረግነው።

ግራጫ ነበረች፤ ዛሬ ቀለሟ ጨው ነው።
ሁለት መቶ አርባ ሺህ ኪሎሜትር በልታ
የላብ ጓንት ሽታ፣ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ፣
ከምንጣፏ ሥር የሆነ ቦታ
የአይላ የወተት ጥርስ፣
ፈልገን ፈልገን የተውነው።

የመጀመሪያው ካምቢዮ በዋስትና ሄደ።
ሻጩ እየሳቀ ቀየረው፤
ደግ ሰው ነበር፣ ዋስትናው እስኪያልቅ።
ሁለተኛው የጣራችንን ገንዘብ ይዞ ወረደ።
ዛሬም በረዶው ሲቀልጥ
ኩሽና ውስጥ ድስት ደቅነን
ካምቢዮውን እንቆጥራለን፣
ጠብ፣
ጠብ።

በሦስተኛው ራውኖን ጠራነው፣ ጎረቤታችንን፣
የወረቀት ፋብሪካው እስኪዘጋ
ማሽን ሲያስታምም የኖረውን።
የዘይት መለኪያዋን መዘዘ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ጠረገው፤
እንጆሪ መምሰል የነበረበት ሬት መሰለ።
አሸተተው። እንደ ሐኪም ዝም አለ።
"ዘይቱን ልቀይረው?"
"ተይው" አለኝ፣ "ቆሻሻው ነው አሁን
ማርሾቹን አጣብቆ የያዘልሽ።
ካጠብሽው ይንሸራተታሉ።
አንዳንድ ትዳርም እንደዚያ ነው።"
ዩርኪ ሰምቷል። አልሳቀም።

በጥር፣ ከካካቤካ የሆኪ ግጥሚያ ስንመለስ፣
ሦስት ለባዶ ተሸንፈን፣
አራት ልጆች ከኋላ እንደ ሬሳ ዝም ብለው፣
ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣
ዳገቱ ግርጌ ቆመች።
ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው አልሰማም።
ወደፊት አልኳት። አንደኛ አልኳት።
ለመንኳት። ሰደብኳት በአያቴ ቋንቋ፣
በፊንላንድኛ፣ ለዚሁ የተፈጠረ ይመስል።
ስልኬ መስመር የለውም። ጥዱ ዝም።
እጄ ስቶ የኋላ ማርሽ ውስጥ ከተተው፤
ፈቀቅ አለች።
ገባችሁ? ፈቀቅ አለች!
ወደፊት የሚባለው ሁሉ ሞቶባት
የኋላው ብቻ ተርፏት።

ልጆቹ ወርደው እየገፉ፣ እኔ መሪ እየጠመዘዝኩ
ቂጧን ወደ ቤት አዞርናት።
ሦስት ኪሎሜትር በጀርባ።
ወንበሩ ላይ ተንበርክከው፣ አፍንጫቸው መስተዋት ላይ፣
"ግራ!" "ቀኝ!" "ቀስ!" "አጋዘን!"
ሲግኔ፣ ሦስቱም ጎል የገባባት፣
ማንም ሳይሾማት ካፒቴን ሆነች፤
"እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ብቻ ንጂ!"
የፊት መብራቴ የመጣሁበትን ያበራል፤
የምሄድበት ጨለማ ነው፣
ጨለማና የአራት ልጆች ሳቅ።
አንገቴ ጠሞ፣ እግሬ ደንዝዞ፣
የኋላ ኋላ ደረስን።

ዩርኪ ደረጃው ላይ ቆሞ
በጀርባችን ስንገባ አየና
የሚለው ጠፋው።

ራውኖ ሳፋዋን ፈታ።
ማግኔቷ የብረት ጸጉር አብቅላለች።
"አዲስ ካምቢዮ ከመኪናዋ ይበልጣል" አለ፣
ይህን ማንም ያውቃል፤
ሰው ግን በሒሳብ ብቻ መኪና አይጥልም።
ከአሮጌ ብረት ሜዳ እኩያዋን አገኘ፣
ከኋላ ተገጭታ ያበቃች፣ ፊቷ ደህና የሆነ።
ስምንት መቶ ዶላርና ሦስት ቅዳሜ።
ከካምቢዮው ጋር አንድ ነገር አመጣ፣
ወንበሯ ሥር ያገኘው፣
ቀይ የልጅ ጓንት፣ የግራ እጅ።
"ልጁስ?" አልኩት።
እጁን በጨርቅ ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።
"አልነገሩኝም። አልጠየቅሁም።"
ጓንቱን የበሩ ኪስ ውስጥ አኖርኩት።
ምን ይደረጋል።

አሁን ትሄዳለች፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሳትነቀነቅ።
የኋላ ማርሽ ሳስገባ ብቻ
አንድ ትንፋሽ ያህል ትዘገያለች፣
ከኋላ የሚመጣ እንዳለ
ጆሮ ሰጥታ እንደምታዳምጥ፤
ከዚያ ትነሳለች።
ራውኖ "ይስተካከላል፣ አንድ ብሎን ነው" ይለኛል።
ተወው፣ አልኩት።